ከዓባይ ግርጌ የመጣው አድማጭ

ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ በአንድ መድረክ ጎን ለጎን ተሰልፈው አንድ ዜማ ሲያሰሙ ማየት ለዚህ ዘመን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች፣ በዓመት በዓል የቴሌቪዥን ዝግጅቶች፣ ከውቅያኖስ ማዶም በዋሽንግተን ሐበሾች በሚሰበሰቡባቸው አዳራሾች ዘወትር የሚታይ ነው። ባየነውም ቁጥር «ይህ ነው ከአባቶቻችን የወረስነው» እንላለን። መሣሪያዎቹን ከአባቶቻችን መውረሳችን እውነት ነው። ሁሉንም ሰብስቦ እንደ አንድ ጓድ በመድረክ ላይ ማስቀመጡን ግን ከእነርሱ አልወረስነውም። ይህ ልማድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች አስበውና ደክመው ያመጡት ነው። ከደከሙት ሰዎች አንዱ ደግሞ ግብፃዊ ነበር።

ስሙ ሐሊም ኤል-ዳብ ይባላል። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስሙን ከፊተኞቹ ተርታ ያነሡታል። በአሜሪካ የዳንስ ታሪክም ውስጥ ድርሻ አለው። በኛ ዘንድ ግን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላችን ኖሮ፣ አስተምሮና መሥርቶ የሄደ ሰው ሲሆን፣ ስሙን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ውለታውን ቆጥሮ ሐውልት ለማቆም አይደለም፤ ሥራው ያስነሣው ጥያቄ እስከ ዛሬ ስላልተመለሰ ነው። ብቻውን ሊጫወት የተፈጠረን ድምፅ ከሌላው ጋር ስናስቀምጠው ምን እናገኛለን? ምንስ እናጣለን? (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።)

ጥያቄውን ለመረዳት አስቀድሞ እያንዳንዱ መሣሪያ የነበረውን መኖሪያ ማሰብ ያስፈልጋል። መሰንቆ የአዝማሪ ነው፤ አንዲት የጭራ አውታር ይዞ ጠጅ ቤትና ሠርግ ቤት ይዞራል፣ በጌታው ፊት ያሞግሳል፣ ጌታው ዘወር ሲል ያማል። ባለ አሥር አውታሩ በገና የጸሎት ነው፤ በዐቢይ ጾም፣ በጓዳ ጸጥታ፣ በቀስታ ይደረደራል፤ ካህኑም መኳንንቱም ወይዘሮዋም ይዘውታል። ክራር የፍቅርና የጨዋታ ነው፤ ከበገና ጋር በመልክ ወንድማማች ቢሆኑም ሰዉ አንዱን ለዳዊት፣ ሌላውን ለዓለም ሰጥቷቸዋል። ዋሽንት የእረኛ ነው፤ ሜዳና ገደል ነው አዳራሹ። እምቢልታና መለከት፣ ነጋሪትም፣ የቤተ መንግሥትና የሹመት ናቸው። ከበሮና ጸናጽል ከመቋሚያ ጋር በቅኔ ማሕሌት ይኖራሉ። እንግዲህ እነዚህ ሁሉ በአንድ አገር ይኑሩ እንጂ በአንድ ቤት አልኖሩም። የተለያየው ቤታቸው ብቻ አይደለም፤ ማዕረጋቸውም ነው። በገና ደርዳሪን የሚያከብር ሰው አዝማሪውን «ላሊበላ» ብሎ ከደጁ ሊመልሰው ይችላል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ራሱ ለብዙ ዘመን የሙያ ስም ብቻ ሳይሆን ስድብም ሆኖ ኖሯል።

ኤል-ዳብ ወደዚህ አገር ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሕይወቱም የመስማት ታሪክ ነው። በ1921 በካይሮ፣ ከኮፕት ክርስቲያን ቤተሰብ ተወለደ። የተማረው እርሻ ነበር። ለእርሻ ሥራ ወደ ገጠር ሲወጣ የመንደሮቹን ዘፈንና ከበሮ ያደምጥ ነበር፤ ፒያኖና ዳርቡካ የሚባለውን የአረብ ከበሮም ይጫወታል። በ1944፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ ከካይሮ ከአንድ ራዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሰ። ይህ መሣሪያ ከቴፕ በፊት የነበረ፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚይዝ ከባድ ዕቃ ነው። ይህን ተሸክሞ ሄዶ የቀረጸው ምን ይመስላችኋል? ዛር ነው።

አዎን፣ ያው እኛ የምናውቀው ዛር። ከበሮው፣ የሴቶቹ ዜማ፣ የሚንቀጠቀጠው ገላ፣ ዕጣኑ። ዛር በካይሮም፣ በሱዳንም፣ በጎንደርም አለ፤ ብዙ ተመራማሪዎችም ስሙንና ሥርዓቱን ከኢትዮጵያ ምድር ወደ ሰሜን እንደ ተጓዘ አድርገው ይቈጥሩታል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን ሲያጠና ከርሟል። ኤል-ዳብ ከዚያ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በካይሮ የያዘውን ድምፅ ይዞ ወደ ራዲዮው ስቱዲዮ ገባ። በማስተጋቢያ ክፍል ውስጥ አለፈበት፤ መልሶ ቀረጸው፤ ከድምፁ መሠረቱን እየቈረጠ አውጥቶ ከላይ የሚንሳፈፈውን ጥላ ብቻ አስቀረ። በዚያው ዓመት በካይሮ በአንድ አዳራሽ ለሰው አሰማው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ራዲዮ ጣቢያ ተመሳሳይ ሙከራውን ያሰማው በ1948 ነው፤ አራት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። ለብዙ ዘመን የመጽሐፍት ታሪክ ከሼፈር ይጀምር ነበር። የኤል-ዳብ ሥራ ቅንጭብ በሲዲ ታትሞ ለብዙኃን የደረሰው በ2000 ነው።

እኔ ይህን ቅንጭብ ባደመጥሁ ቁጥር የሚደንቀኝ ቀዳሚነቱ አይደለም። የቀዳሚነት ክርክር ለፈረስ ጉግስ ይሁን። የሚደንቀኝ አንድ ወጣት ሰው፣ የተማሩት ወገኖቹ ኋላ ቀርነት ነው ብለው የሚያፍሩበትን የሴቶች ሥርዓት፣ ጆሮ ሰጥቶ ከውስጡ የወደፊቱን ዘመን ድምፅ መስማቱ ነው። ሰዎቹን ልቀይራቸው አላለም፤ በነሱም አልሳቀም። አደመጠ። ይህ ጠባይ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ተከትሎት ይመጣል።

በ1949 በካይሮ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ባሰማው የፒያኖ ሥራ ስሙ ታወቀና በ1950 በፉልብራይት ዕድል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኒው ሜክሲኮ፣ በቦስተንና በብራንዳይስ ተማረ፤ ከአሮን ኮፕላንድ እግር ሥርም ተቀመጠ። በ1958 ታላቋ የዳንስ ጠቢብ ማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ» የተሰኘውን፣ አንድ ምሽት ሙሉ የሚፈጀውን ዳንሷን ስታወጣ ሙዚቃውን የደረሰላት እርሱ ነበር። በዚያው ዓመት ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በኒው ዮርክ ኦርኬስትራ ሲመራ፣ ኤል-ዳብ ከቫዮሊኖቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ዳርቡካውን መታ። በ1959 ወደ ኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ገብቶ «ለይላና ባለ ቅኔው» የተባለውን ሥራውን ሠራ። በዚህ ዓይነት ኒው ዮርክ ላይ ቢቀመጥ የሚያስገድደው አልነበረም። ሙዚቃው ይሰማል፤ ሽልማቱ ይመጣል።

እሱ ግን ተመለሰ። በ1961 በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ለጎብኚዎች በየምሽቱ የሚታየውን የድምፅና የብርሃን ትርኢት ሙዚቃ ደረሰ። በ1962 ደግሞ ዓባይን ተከትሎ ወደ ላይ፣ ወደ ምንጩ አገር መጣ።

አዲስ አበባ በዚያ ጊዜ የነበረችበትን ሁኔታ ላስታውስ። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ፣ በ1961፣ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ተከፍቷል። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1959፣ ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት ባላነሰ ጊዜ ጳጳስዋን ከእስክንድርያ ስታስመጣ የኖረችው ቤተ ክርስቲያን አቡነ ባስልዮስን የራስዋ ፓትርያርክ አድርጋ አግኝታለች። እንግዲህ ከግብፅ ሊያስተምር የሚመጣ ሰው ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ይህኛው ኮፕት ጵጵስና ይዞ አለመምጣቱ ነው። ሊያስተምር መጣ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊማር ተቀመጠ።

በዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆነ። አገሩን እየዞረ የየአካባቢውን ሙዚቃ አጠና። ከዚያም በ1963 ከተለያየ ክፍለ ሀገርና ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ ባለ መሣሪያዎችን ሰብስቦ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ» የሚባለውን ቡድን መሠረተ። መቀመጫው የዩኒቨርሲቲው የኪነ ጥበባት ማዕከል ሆነ። ቁጥራቸው አንዳንዴ እስከ ሠላሳ ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። የአገር ባህል መሣሪያዎችን መድረክ ላይ ያወጣቸው ኤል-ዳብ ብቻ አይደለም። ከጣልያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ የተቋቋመው ሀገር ፍቅር መሰንቆውንና ክራሩን ለከተማ ሰው አቅርቧል። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ አዲስነት በሌላ በኩል ነው። ቴያትሩ ውስጥ መሣሪያው ዘፋኙን ያጅባል፤ እዚህ ግን መሣሪያዎቹ ራሳቸው ተነጋጋሪዎች ሆኑ። ቦታውም ዩኒቨርሲቲ ነው። ትናንት የንጉሥ ግቢ በነበረ፣ ዛሬ የዕውቀት ደጅ በሆነ ቦታ፣ ፊደል ያልቈጠረ ባለ መሰንቆ በባለ ሙያነቱ ተጠርቶ ገባ። ገጣሚና ምሁር በሚመላለስበት ግቢ ውስጥ እንደ ባልንጀራ ተቀመጠ። ይህ በሙዚቃ ቢጀምርም ከሙዚቃ የሚያልፍ ነገር ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ችግሩን ለማየት የሙዚቃ ሊቅ መሆን አያሻም። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ዘፋኙ ከፍ ካለ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ካለ ዝቅ ይላል። ዋሽንት ደግሞ ከተበሳ በኋላ አይቃኝም፤ ባለ ዋሽንቱ ቅኝትና ከፍታ ለመለወጥ ሌላ ዋሽንት ያነሣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። መሰንቆ በጣት ንክኪ በአንዲት አውታር ላይ ስለሚንሸራተት ለሁሉም ይመቻል፤ ግን የራሱን መንገድ ይወዳል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ሁሉም ያውቁታል፤ ሁሉም ግን እንደ አገሩና እንደ መምህሩ ጥቂት ለየት አድርጎ ያውቀዋል። በጽሑፍ የተቀመጠ ኖታ የሚያነብ የለም። ሁሉም የተማረው በጆሮ ነው። ሠላሳ እንዲህ ያሉ ሰዎችን አንድ ከፍታ ላይ ማገናኘት የብዙ ቀን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ነገር ግን በአገራችን ሙዚቃ ውስጥ የመተባበር ጥበብ ፈጽሞ አልነበረም ማለት አይደለም። እምቢልታን አስቡት። አንዱ እምቢልታ ለብቻው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማ ሊሆን አይችልም። ሦስት እምቢልተኞች ሲቆሙ ግን አንዱ ሲያርፍ ሌላው እየገባ፣ አንዱ የጐደለበትን ሌላው እየሞላ፣ ከሦስት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ዜማ ይወጣል። የኦርኬስትራን ምሥጢር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። ኤል-ዳብም የሠራውን ሥራ ከአውሮፓ የመጣ ሐሳብ ብቻ አድርጎ ማየት የማልፈቅደው ለዚህ ነው። «ኦርኬስትራ» የሚለው ስም ከባሕር ማዶ መጣ፤ ነገሩ ግን በእምቢልተኞቹ ትንፋሽ ውስጥ ቀድሞም ነበረ።

አሁን ወደ ኪሳራው ልምጣ። ትርፉን ብቻ የሚቆጥር ነጋዴ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊ ኪሳራውንም ይጽፋል።

አዝማሪ ጠጅ ቤት ሲጫወት ሙዚቃው ግማሹ የአድማጩ ነው። አንዱ ከወዲያ ማዶ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው ተቀብሎ፣ አጣፍጦ፣ ጥቂት መርዝ ወይም ጥቂት ማር ጨምሮ ይመልሳል። ሰሙ ለአንዱ ወርቁ ለሌላው ይደርሳል። የሰውን ፊት እያየ ይፈጥራል። ይህ ሰው አዳራሽ ውስጥ፣ መብራት ፊቱ ላይ እየበራ፣ ከሃያ ዘጠኝ ሌሎች ጋር አስቀድሞ የተስማሙበትን ዜማ ሲጫወት፣ ማን ነው «ተቀበል» የሚለው? በጨለማው ውስጥ በሥርዓት የተቀመጠው ታዳሚ ማጨብጨብ እንጂ ስንኝ መስጠት አይችልም። በገናንም የመሰለ፣ ለአንድ ሰውና ለአምላኩ የሚሆን ዝግ ያለ ድምፅ፣ በከበሮና በመለከት ጎረቤትነት ውስጥ ምን ይሆናል? መሣሪያውን ከቤቱ ስናወጣው ድምፁ ይከተለናል፤ ቤቱ ግን አይከተለንም። ዛሬ በባህል ምግብ ቤት የምናየው መሰንቆ ብዙ ጊዜ ጌጥ ሆኖ የሚታየኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ታዲያ ባይሰበሰቡ ይሻል ነበር? አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዘመን የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ባንዶች በሳክስፎንና በትራምፔት አዲሱን ሙዚቃ እያስፋፉ ነበር፤ የከተማው ወጣት ጆሮ ወደዚያ አዘንብሏል። መሰንቆው በጠጅ ቤቱ ብቻ ቢቀር፣ ጠጅ ቤቱ ሲዘጋ አብሮ በተዘጋ ነበር። ኤል-ዳብ የሰበሰባቸው ሰዎች ግን እርስ በርስ ተሰማሙ ብቻ ሳይሆን፣ ተሰማምተውም ተሰማሙ። ይህን የቃል ጨዋታ አማርኛችን ራሱ የሰጠኝ ነው። የወሎው ባለ ዋሽንት የትግራዩን፣ የትግራዩ የደቡቡን ሰማ። በአንድ አገር ስም ሥር እየኖሩ ተሰማምተው የማያውቁ ድምፆች፣ ቢያንስ ለአንድ ምሽት፣ አንዱ ሌላውን ጠበቀው። በቀጣዩ ዘመን በአገራችን የሆነውን ለሚያስብ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኤል-ዳብ በ1964 ሄደ። የአንድ መሥራች ፈተናው ከሄደ በኋላ ነው። ቡድኑን መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል የነበረው ጆን ኮ እስከ 1966 መራው፤ ከዚያም ተስፋዬ ለማ ተረከበው። ተስፋዬ ያኔ ገና ወጣት ነው። ነገር ግን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ እውነተኛ ቤተኛ ያገኘው በእርሱ ጊዜ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እንደ ባለ መሰንቆው ጌታመሳይ አበበ፣ እንደ መላኩ ገላው፣ እንደ ባለ ዋሽንቱ ዮሐንስ አፈወርቅ ያሉ ባለ ሙያዎች በዚህ ቡድን ውስጥ አልፈዋል። ሌላው የሰላም ጓድ፣ ቻርለስ ሰተን፣ መሰንቆ ተምሮ ከነሱ ጋር እስከ መጫወት ደረሰ፤ በ1969ም ቡድኑ «ብሉ ናይል» በሚል ስም አሜሪካን እንዲዞር ረዳ። የዓባይ ስም ተመልሶ መምጣቱን ልብ ይሏል።

በ1975፣ ከአብዮቱ በኋላ፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ተበተነ። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ነበር። የቀረን ድምፁ ጥቂት ነው፤ ከዚያም አንዳንዱ በ2007 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ሲዲዎች በሃያ ሦስተኛው ቁጥር ታትሟል። ተስፋዬ ለማ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰድዶ በዋሽንግተን አካባቢ ተቀመጠ፤ በዚያም «ናይል ኢትዮጵያን» የተባለውን ቡድን አቋቁሞ ስደተኛውን ኅብረተሰብ በመሰንቆና በክራር ሰበሰበ። በ2013 እዚያው አረፈ። በስደት የተወለዱ የሐበሻ ልጆች ክራር ሲነካ የሰሙበት አዳራሽ፣ ጥንስሱ ስድስት ኪሎ ነው ማለት ነው።

ኤል-ዳብስ? ከ1966 እስከ 1969 በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በታዋቂው የጥቁሮች የትምህርት ቤት፣ አስተማረ። ከ1969 ጀምሮ ደግሞ በኦሃዮ ግዛት ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአፍሪካን ሙዚቃ አስተማረ። እዚያ በደረሰ በዓመቱ፣ በሜይ 4 ቀን 1970፣ የቬትናምን ጦርነት በሚቃወሙ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች በግቢው ውስጥ ተኮሱ። ተኩሱ የቆየው አሥራ ሦስት ሰከንድ ነው። አራት ተማሪዎች ሞቱ፤ ዘጠኝ ቆሰሉ። ያን ጊዜ ቀድሞ ያስተማረበት የስድስት ኪሎ ግቢም በሐዘን ላይ ነበር፤ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው በዲሴምበር 28 ቀን 1969 በጥይት ተገድሎ፣ በማግሥቱ አስከሬኑን የከበቡት ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኩሰው ነበርና። በአራት ወር ልዩነት፣ በሁለት አህጉር፣ አንድ መምህር ያስተማረባቸው ሁለት ግቢዎች የተማሪ ደም ፈሰሰባቸው።

ኤል-ዳብ ለኬንት ሙታን በ1971 ኦፔራ ደረሰላቸው። ርእሱ «ኦፔራ ፍላይስ» ነው፤ ዝንቦችን የሚያነሣ ርእስ። ሰው እንደ ዝንብ የተቈጠረበትን ቀን ለማስታወስ ከዚህ የመረረ ስም የሚገኝ አይመስለኝም። እኔ ግን በርእሱ ምሬት ብቻ አላቆምም። በዓለም መድረኮች የሚፈለግ የሙዚቃ ደራሲ፣ አጠገቡ የሞቱ ልጆችን የሚያለቅስ ሙዚቃ መጻፍን ሥራዬ ነው ብሎ መቀበሉን ነው የማየው። እኛ አገር አልቃሽ ትባላለች፤ በሙሾዋ የመንደሩን ሐዘን ቃልና ዜማ ታለብሰዋለች። ማንም «ታላቅ ደራሲ» ብሎ አይጠራትም። እርሷ ባትኖር ግን ሐዘኑ መልክ ባላገኘ። ኤል-ዳብ በኬንት ያደረገው ይህንኑ ነው።

በ1991 ጡረታ ወጣ፤ ማስተማሩን ግን እስከ 2012 ድረስ አልተወም። ያን ጊዜ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ ነበር። በ2017፣ በሴፕቴምበር 2፣ በዘጠና ስድስት ዓመቱ በዚያችው በኬንት ከተማ አረፈ።

የሕይወቱን መዝገብ ስዘጋ ሁለት ዓይነት ሥራ አያለሁ። አንደኛው በስሙ የተመዘገበ ነው፦ ሲምፎኒዎች፣ ኦፔራዎች፣ የዳንስ ሙዚቃዎች፣ በሽቦ የተያዘው ዛር። ሁለተኛው በስሙ ያልተመዘገበ ነው፦ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ የሚደማመጡ ሰዎች። የመጀመሪያው በቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሁለተኛው ባለቤት የለውም። ክራርና መሰንቆ ጎን ለጎን በተቀመጡ ቁጥር ይኖራል፣ ተነሥተው ሲሄዱ ይጠፋል። ለዚህም ይሆናል «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው» ያልነው። አንድ ሰው የሠራው ነገር የሠሪው ስም ጠፍቶ «የአባቶቻችን» ከተባለ፣ ሠሪው የተዘነጋ ይመስላል፤ ግን ተቀባይነት ከዚህ በላይ የት ይገኛል?

ስሙ ግን ጠፍቶ ይቅር አልልም። ስሙን ማወቅ የሚጠቅመው እርሱን አይደለም፤ እኛን ነው። ያለዚያ ልማዱን እንደ ተፈጥሮ ቈጥረን እንዳለ እንቀበለዋለን። አንድ ዘመን፣ አንድ ዓላማ ይዞ፣ የሠራው መሆኑን ስናውቅ ግን እንደገና ልንጠይቀው እንችላለን። መሰንቆው ከጓዶቹ ጋር ይቀመጥ፤ መልካም ነው። «ተቀበል» የሚለውን አድማጭስ መልሰን ከየት እናምጣው? በገናውስ የራሱን ጸጥታ የሚያገኝበት ሰዓት ማን ይስጠው? ይህ ጥያቄ ከግብፅም ከአሜሪካም በሚመጣ መምህር የሚመለስ አይደለም። መሠረቱን የጣለው እንግዳ የራሱን ድርሻ አድርጓል፤ መጀመሪያ አደመጠ፣ ቀጥሎ ሰበሰበ፣ ቀጥሎም ለቤተኛ ትቶ ሄደ። ከእንግዳ የሚጠበቀው ይኸው ነው። የቀረው የቤተኛው ሥራ ነው።